ያልረገጥኩት ውሃ

ቅዳሜ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ ውሃ ጣድኩ፣ እንቁላል ቀቀልኩ፣ ዳቦ ቆራርጬ በፎጣ ጠቀለልኩ። ልጄ ቀድማኝ ተነስታ ግቢ ውስጥ ነበረች። በወጥ ቤቱ መስኮት አያታለሁ፤ ከጎማ ወደ ጎማ እየተንበረከከች የንፋስ መለኪያውን ትሰካለች፣ ቁጥሩን ታነባለች፣ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። ወረቀት ላይ እንድትጽፍ አባቷ ነግሮ ነግሮ ደክሞት ነበር። አካፋው፣ ወፍራሙ ገመድ፣ ጭቃ ሲይዘን ከጎማ ሥር የምናነጥፋቸው ሁለት ሳንቃዎች፣ የውሃው ጀሪካን፣ ሁሉም በየቦታው ገብቷል። በመጨረሻ ዱላውን ከኋላ ወንበር ጎን አጋድማ አስቀመጠችው።

ዱላው የድሮ መወልወያ እጀታ ነው። ባለቤቴ በእኔ የጥፍር ቀለም ሁለት ቦታ ላይ ቀይ ቀለበት አዙሮበታል። ውሃ ውስጥ ሲቆም የታችኛው ቀለበት ካልራሰ መኪናው ያልፋል። የታችኛው ከራሰ ይታሰብበታል። የላይኛው ከራሰ ወደ ቤት ነው።

ዳቦውን ጠቅልዬ ስጨርስ መኝታ ቤት ገብቼ ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። ውሃ ውስጥ ስገባ የምለብሰው የባለቤቴን አሮጌ ካኪ ሱሪ ነበር፤ እግሩን ሁለቴ አጥፌ፣ ወገቡን በገመድ አስሬ። አውጥቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። ካረፈ አሥራ አራት ወር ሆኖት ነበር። ኪሱ ውስጥ አሁንም የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ አለ።

የባሌ ታላቅ እህት በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። እትዬ ነው የምላቸው፤ ከሐዘኑ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ።

«ይኼን ለብሰሽ ልትወጪ ነው?» አሉኝ።

«ወንዝ አለ እትዬ። መርገጥ አለብኝ።»

«ወንዙ ቀሚስ አይፈራም። አንቺ ገና ከነጥቁርሽ ነሽ። ወንዶች ፊት በሱሪ ስትንቦራጨቂ የሚያይሽ ምን ይላል? ባሏን ቀብራ ሱሪውን ወረሰች ይላል።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሱሪውን አጥፌ መለስኩና ረጅሙን ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁ። ለራሴ የእትዬን አፍ ፈርቼ ነው አልኩ። እውነቱ ግን ሱሪው ከረጠበ መታጠብ አለበት፤ እንዲታጠብ አልፈለግኩም ነበር።

በዚህ ነገር ውስጥ ያስገባን ባለቤቴ ነው። መነጽር ሠሪ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ጠባብ ክፍል ውስጥ መስተዋት ሲሞርድ ይውላል። ልጃችን አሥራ ሁለት ዓመት በሞላት ሰሞን አንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ያገለገለ ፎር ዊል መኪና ሲሸጥ ገዝቶ ግቢ ውስጥ አቆመው። አራቱም ጎማ ይገፋል፣ ጭቃ አይዘውም፣ ድንጋይ አያቆመውም እያለ ዞሮ ዞሮ አሳየኝ።

«ሰው ሁሉ ከመንገድ አታውጣኝ ብሎ ይጸልያል» አልኩት። «አንተ ለመውጣት ነዳጅ ትሞላለህ።»

«ጸሎቱ ለነፍስ ነው» አለኝ። «ይኼ ለጎማ ነው።»

በወሩ የቅዳሜ ሰዎችን አገኘ። ሰባት መኪና ሆነው ከከተማ ይወጡና አስፋልቱን ትተው በየዳገቱና በየወንዙ ሲንፏቀቁ ይውላሉ። መሪያቸው ባለ ጋራዥ ነው። መኪናው ፊት ላይ የብረት ገመድ የሚጠቀልል ሞተር ስላለውና የተቀረቀረውን ሁሉ እሱ ስለሚያወጣ ጎታች ይሉታል። ስሙን ያወጣለት አንድ የፊዚክስ መምህር ነው። መምህሩ ለሁሉም ስም ያወጣል፤ ለእሱ ስም የሚያወጣለት ግን ጠፍቶ መምህሩ እንደተባለ ቀረ። እትዬም አንድ ቅዳሜ አብረውን ወጥተው ነበር። ጭንቅላታቸው ጣሪያውን ሦስት ጊዜ ከመታው በኋላ፣ «እኔ ወንበር ላይ ልቀመጥ ነበር የመጣሁት፤ በጣሪያ የሚኬድ ከሆነ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ሁለተኛ አልመጡም።

እኔን ረጋጯ አሉኝ። መነጽር ሠሪው ባሌ ራሱ ከሩቅ አያይም፤ መነጽሩ ላይ ውሃ ከተረጨ ደግሞ ከነጭራሹ። ስለዚህ ወንዝ ዳር ስንደርስ እሱ መሪውን ይዞ ይቀመጣል፣ እኔ ዱላዬን ይዤ ከዳር እስከ ዳር ረግጬ እመለሳለሁ። በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ረገጥሽው?» ይላል። «ረገጥኩት» እላለሁ። «እስከ የት?» ይላል። የትኛው ቀለበት እንደራሰ እነግረዋለሁ። ማርሽ ያስገባል። ስንወጣ ስንገባ በኖርንባቸው ቅዳሜዎች ሁሉ ሦስተኛ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ካርታ በሚዘጋጅበት መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው፤ ሰው ሄዶ ያላየውን መንገድ በተቆራረጠ መስመር ነው የምንስለው። ባሌ በእኔ ቃል ላይ የተቆራረጠ መስመር አልሳለም።

የቅዳሜ ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው። መኪና ሲቀረቀር ወይም ሲጎዳ፣ ከወጣ በኋላ ሁሉም ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ጎታች፣ «መንገዱ ነው? መኪናው ነው? ረጋጩ ነው? ሾፌሩ ነው?» ብሎ ይጠራል። ጥፋቱ የእሱ የሆነ ሰው «የኔ ነው» ይላል። ይሳቅበታል፣ ስም ይወጣለታል፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚያነሳበት የለም። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሲያነጥስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ «የኔ ነው፤ ግማሹ ግን የጉንፋኑ ነው» ብሎ ነበር። ግማሽ አይፈቀድም አሉት። ደግሞ ሙሉውን አለ።

ሕመሙ አጭር ነበር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ልጄን መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከጎኗ ተቀምጦ፣ «እጅሽ የእኔ እጅ ነው፤ ዓይንሽ ግን ምስጋና ለእናትሽ የእሷ ነው» ይላት ነበር።

ያን ቅዳሜ ከሐዘኑ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መውጣታችን ነበር። አስፋልቱ በሚያልቅበት ቦታ ጎታች ወደ ልጄ መስኮት ጎንበስ አለ።

«ዛሬ አንቺ ቅደሚ» አላት። «ፊት የሚሄደው የአባትሽ መኪና ነው።»

«እኔ? ጋሼ፣ መርቼ አላውቅም እኮ።»

«አባትሽም እስኪመራ ድረስ መርቶ አያውቅም ነበር። ነጂው።»

ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። ስትደሰት ጆሮዋ ይቀላል። ገና አንድ ኪሎ ሜትር ሳንሄድ የመምህሩ ድምፅ በሬዲዮው መጣ።

«ፊተኛዋ፣ ፊተኛዋ! አቧራሽን እየበላን ነው። ጨው አንሶታል።»

«በመልስ ጉዞ እጨምርበታለሁ ጋሼ» አለችው። ሁሉም በየሬዲዮው ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። የእሷን ሳቅ በቤታችን ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

ወንዙ ዳር አራት ሰዓት ገደማ ደረስን። እናውቀዋለን፤ ከሁለት ዓመት በፊት ተሻግረነዋል። መሃሉ ላይ የጠጠር ደሴት ስላለው ለሁለት ተከፍሎ ይሄዳል፤ ደሴቱ ላይ ረጅም ሸምበቆ በቅሏል። ከዚህኛው ዳር የቆመ ሰው የቅርቡን ውሃ እንጂ ከሸምበቆው ጀርባ ያለውን አያይም። በሳምንቱ ውስጥ ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር።

ጫማዬን አውልቄ፣ በአንድ እጄ ቀሚሴን፣ በሌላው ዱላዬን ይዤ ገባሁ። የመጀመሪያው ውሃ ጉልበቴን ነካ እንጂ አላለፈም። ደሴቱ ላይ ወጥቼ ሸምበቆውን ዞርኩ። ከማዶ፣ ከውሃው አፍ ላይ፣ አምስት አሸዋ ጫኞች አካፋቸውን ተደግፈው አርፈው ተቀምጠዋል።

«እመቤት፣ ሰብስቢው እንጂ!» አለ አንዱ። «ዓይናችንን እንጨፍናለን!»

«እኔስ አልጨፍንም» አለ ሌላው። ሳቁ።

በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ሱሪውን ለብሼ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ባሌ ከኋላዬ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ቢሆን ጭራሹን አልሰማቸውም ነበር። ያን ቀን ግን ቀሚሱ እግሬ ላይ ተለጥፏል፤ ከፊቴ ያለው ውሃ ደግሞ ቀሚስ ካልተሰበሰበ የማይገባበት ነው። ዱላውን ዳሩ ላይ ነከርኩት። የታችኛው ቀለበት አልራሰም። ዳሩ ላይ ነው ያልኩት። ውሃው ጸጥ ያለ፣ ቡናማ፣ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት የሚመስል ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመትም እስከ ጉልበት ነበር አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሸምበቆው ሥር ተመልሼ፣ ተሻግሮ ለመመለስ የሚበቃ ያህል ጊዜ ቆምኩ።

ከጻፍኩት ሁሉ የከበደኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። መፍራት አንድ ነገር ነው፤ ጊዜውን ቆጥሮ መቆም ሌላ ነው።

ስመለስ ልጄ በመስኮቱ ብቅ አለች። እንደ እሱ።

«እማ፣ ረገጥሽው?»

«ረገጥኩት።»

«እስከ የት?»

«እስከ ጉልበት። የታችኛው አልራሰም።»

ማርሽ አስገባች። ከጎኗ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ውሃ አባቷ እንዳስተማራት ቀስ ብላ፣ ሳትቆም፣ ከፊቷ ትንሽ ማዕበል እየገፋች አለፈችው። ደሴቱ ላይ ወጣን፤ ሸምበቆውን ዞርን። እዚያ ላይ አፌን ከፈትኩ። አሸዋ ጫኞቹ ሊያዩን ብድግ ብለው ቆመው ነበር። አፌን ዘጋሁ።

የፊት ጎማዎቹ ገቡ፤ ከዚያ መሬቱ ከሥራችን ጠፋ። ጎርፉ ጉድጓድ ቆፍሮ ኖሯል። ውሃው ኮፈኑን አልፎ መስተዋቱን መታው። ሞተሩ አንዴ እንደ ሰው ሳል አለና ዝም አለ። ውሃው በበሮቹ ሥር ገብቶ ጭናችን ላይ ደረሰ። የልጄ የመጀመሪያ ቃል፣ «እማ፣ ደህና ነሽ?» ነበር።

አሸዋ ጫኞቹ ከነልብሳቸው ገብተው በር ከፈቱልን። ውሃው ደረታቸው ላይ ነበር። እጁን የሰጠኝ ያ የመጀመሪያው ተናጋሪ ነው። «ይቅርታ እናቴ» አለኝ፤ ዓይኔን ማየት አልቻለም። እኔም የእሱን። ጎታች ደሴቱ ላይ ወጥቶ መኪናውን በብረት ገመዱ ወደ ኋላ ጎትቶ አወጣው። ከመኪናው በአራቱም በር ውሃ ወረደ።

ክብ ሠራን።

«መንገዱ ነው?» አለ ጎታች።

«መንገዱማ ድሮም ወንዝ ነው» አለ መምህሩ።

«መኪናው ነው?»

«እሱ ምን አደረገ? ዋና አላስተማርነው።»

«ረጋጩ ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ልጄም።

«ረግጬዋለሁ» አልኩ። «እስከ ጉልበት ነበር።»

«ሙሉውን?» አለ ጎታች፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሙሉውን።»

ልጄ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቋል። መዳፏ ላይ የጻፈችው ቁጥር ታጥቦ ሰማያዊ ጭረት ብቻ ቀርቷል። ወደ ወንዙ አየች፣ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ራሷ ምክንያት ፈለገችልኝ።

«እማ የረገጠችው ከላይ በኩል ነው» አለች። «እኔ ወደ ታች ወረድኩ። መስመሩን ሳትኩ። የኔ ነው።»

«ዋናተኛዋ!» አለ መምህሩ ወዲያው። ሁሉም ሳቁ፣ ትከሻዋን መቱ። እሷም ሳቀች። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ፈገግ አልኩ።

መኪናው ጎታች ጋራዥ ገባ። ሞተሩ ተፈታ። ውሃ ጠጥቷል፤ ቢየላዎቹ፣ ማለት ፒስተኑን የሚገፉት ዘንጎች፣ ሁለቱ ጎብጠዋል። ዕቃው እስኪገኝ ረጅም ጊዜ ፈጀ። ልጄ የመድኃኒት ቤት ሥራዋን ጨርሳ በየቀኑ እዚያ ትሄዳለች፤ የተፈታውን ዕቃ፣ ዳዶና ቡሎን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ በናፍጣ ታጥባለች። ጣቶቿ ተሰነጣጠቁ። «ተይ፣ ሠራተኞቹ ያጥቡታል» ስላት፣ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ትላለች። እጇን ቅባት እቀባላታለሁ። አፌን ግን አልከፍትም።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ሲሠራ ለሌላ ሰው ይሁን። ወይ ጋሼ ጎታች ይንዳው።»

«አንቺስ?»

«አባዬ ቢኖር ከእጄ ይቀበለኝ ነበር።»

«የምን መቀበል ነው!» አሉ እትዬ። «ብረት ነው ልጄ። ብረት ወንድሜን አላመጣው፣ አልወሰደው። ይልቅ ምሳሽን ብዪ።»

«አክስቴ፣ አንቺ አታውቂም። ሰው ሁሉ አይቷል። መሪ ባደረጉኝ ቀን።»

እኔ ሳህኖቹን ሰብስቤ ተነሳሁ። ያልተበላባቸውን ሳይቀር አጠብኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ጎታች ወደ ቢሮዬ ደወለና ጋራዥ ድረስ ብቅ እንድል ጠየቀኝ። ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ወንበሩን በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጠኝ፤ እሱ ግን አልተቀመጠም። ካቻቪቴ እጁ ላይ እያገላበጠ ቆየ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልልሽ ነው፤ ካስቀየምኩሽ ውጣ በይኝና እወጣለሁ።»

«ቢሮው ያንተ ነው» አልኩት።

አልሳቀም። «ያን ቀን ከወንዙ ስትመለሺ ከኋላችሁ ቆሜ ነበር። ቀሚስሽ ከጉልበትሽ በላይ ደረቅ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አላልኩም፤ ውሃውም ጉልበት ነው ብለሽ ነበር። ኋላ መኪናውን ሳወጣ ራሴ ገባሁ። ከላይ በኩልም ገባሁ፣ ከታች በኩልም። የትም ቦታ ከወገብ አይጎድልም።»

ግድግዳው ላይ የሰባቱ መኪኖች ፎቶ ተሰቅሏል። ባሌ ጫፍ ላይ ቆሞ መነጽሩን ይጠርጋል።

«ለእሱ ስል ዝም አልኩ» አለ ጎታች። «ከነጥቁርሽ ክብ መሃል ላቆምሽ አልቻልኩም። አሁን ግን ልጅቷን እያየኋት ነው። ትናንት የመንጃ ፈቃዷ ጊዜ ሊያልፍ እንደሆነ፣ እንደማታሳድሰውም ነገረችኝ። እኔም እዚህ ውስጥ አለሁበት። ዝም ያልኩት እኔም ነኝ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው አውቆ፣ ሁለት ወር ሙሉ በልጄ ሒሳብ ሲያከብረኝ ኖሯል። ምን እንደሚሉት አላውቅም። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ተቀመጥኩ፤ አላለቀስኩም።

«የት ናት?» አልኩት በመጨረሻ።

«ከኋላ። ቡሎን ታጥባለች።»

ከጋራዡ ጀርባ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የናፍጣው ሳህን እግሮቿ መካከል ነበር። በቢሮ ጫማዬ ዘይቱን እየረገጥኩ ሄጄ ከፊቷ ቆምኩ።

«እማ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ሁለተኛውን ውሃ አልረገጥኩትም» አልኩ። መግቢያ ባዘጋጅ ኖሮ ጨርሶ አልናገረውም ነበር። «ሸምበቆው ሥር ቆሜ ተመለስኩ። መስመሩን አልሳትሽም። መስመር አልነበረም።»

ብሩሹን አላቆመችም። አንድ ቡሎን አጥባ ጨረሰች፣ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች፣ ሌላ አነሳች።

«ለምን?»

«አፈርኩ። ከማዶ ሰዎች ነበሩ። ቀሚሴን...» አልጨረስኩትም።

«ከማን አፈርሽ?»

«ከአሸዋ ጫኞቹ።»

«ስማቸውን እንኳ የማታውቂያቸው።»

«አዎ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ የእኔ ዓይን ነው፤ እሱ ትክክል ነበር።

«ከኔስ እማ?» አለች። «ክብ ሠርተን ስንቆም፣ የኔ ነው ስል፣ ከኔ አላፈርሽም?»

አጠገቧ ካለው ጎማ ላይ ተቀምጬ አንድ ብሩሽ አነሳሁ። እምቢ አላለችም። እስኪመሽ ድረስ አጠብን።

ለእትዬም ነገርኳቸው። «ሱሪውን ያስጣልኩሽ እኔ ነኝ፤ የኔ ነው» አሉ። «ግማሽ አይፈቀድም እትዬ» አልኳቸው።

መኪናው በሦስተኛው ወር ተነሳ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ሱሪውን ለበስኩ። ጨርቁን ከኪሱ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። እትዬ ወገቡን በሁለት መርፌ ቁልፍ አጠበቡልኝና፣ «አሁን ሂጂ» አሉኝ። አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ስንደርስ ሁሉንም እንዲወርዱ ለመንኳቸው። ክብ ሠሩ። ማንም አልተቀረቀረም፤ ለምን እንደቆሙ የሚያውቁት ጎታችና ልጄ ብቻ ነበሩ።

«ያን ቀን ረጋጩ ነበር» አልኩ። «ሙሉውን አልረገጥኩም። ረገጥኩ ብዬ ዋሸሁ። የኔ ነው።»

እንደ ደንቡ መሳቅ ነበረባቸው። የሳቀ የለም። መምህሩ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ። ስም እንዲያወጣልኝ ጠበቅኩ።

«ረጋጯ» አለ ቆይቶ፣ «ስም አለሽ። አንዱ ይበቃሻል።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ፣ «አንቺ ግን ዋናተኛነትሽ ተሽሯል። ሰርተፊኬቱን መልሺ» አላት። ያን ጊዜ ትንሽ ተሳቀ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ልጄ ሞተሩን አጠፋች። ሱሪዬን አጥፌ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ዱላውን ይዤ ወረድኩ። እሷም በወዲያኛው በር ወርዳ መጣች።

«አምጪው እማ» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። ዱላውን ከእጄ ወሰደች፣ ሬዲዮውን በምትኩ ሰጠችኝ። «አንቺ ቁጭ በይ፤ ቢጠሩን ስሚ።»

ከነሱሪዋ ገባች። ሸምበቆውን ስትዞር ከዓይኔ ተሰወረች። ደሴቱ ማዶ ባለው ዳር ስትወጣ ከሸምበቆው በላይ ራሷን ብቻ አየሁ፤ ከዚያ ተመልሳ ስትገባ፣ በሌላ መስመር፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። እስከ ደረቷ ርሳ መጣች። ዱላውን አየሁት፤ ከላይኛው ቀለበት በላይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

«ከላይ በኩል ዞረን ሌላ ማለፊያ እንፈልጋለን» አለች ሬዲዮውን መልሳ ተቀብላኝ፤ ሁሉም ተከተሏት። ሌላውንም ራሷ ረገጠችው። አለፍን።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንወጣለን። ልጄ ትነዳለች፤ አሁን ከብዙዎቹ ወንዶች ትሻላለች ይላል ጎታች። መንጃ ፈቃዷን አሳድሳለች። ጣቶቿ ድነዋል። በመንገድ ላይ ታወራኛለች፣ ታስቀኛለች፣ እንቁላል ልጬ አጎርሳታለሁ። ሞተሩ እንደ ድሮው ነው። አካፋው፣ ገመዱ፣ ሳንቃዎቹ፣ ዱላው ከነሁለት ቀለበቱ በየቦታቸው አሉ። ሱሪውንም መታጠብ ስለለመደ አሁን እለብሰዋለሁ። ወንዝ ዳር ስንደርስ እሷ ትወርዳለች፣ እኔ እቀመጣለሁ።

«እማ፣ ረገጥሽው?» ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።